የቡሄ ሙልሙል ከልጆች ጋር



በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ በዓል ይውላል። በቤተ ክርስቲያን የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ በመንደር ውስጥ ግን ከሁሉ ይልቅ የልጆች በዓል ነው። ልጆቹ ጅራፋቸውን እያጮኹ፣ በዱላቸው መሬቱን እየደቁ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። እናቶችም ሙልሙል ጋግረው ይጠብቋቸዋል። ልጆች ጨፍረው ሙልሙል ሳያገኙ ከደጇ ሲመለሱ አንዲት እናት እንዴት እንደምታፍር ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

እኛ ስለ ጤና የምናስተምር ሰዎች ግን ቡሄ በመጣ ቁጥር ከደስታው ጋር አንድ ሥጋት አለብን። ቡሄ የሚውለው ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው። በዚህ ወራት ጎርፉ በየሜዳው የተጣለውን ዓይነ ምድር ሁሉ እየጠረገ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ያወርደዋል፤ ዝንብ ይበዛል፤ ጭቃውም በልጆች እግር ተጎትቶ እስከ ምድጃው ድረስ ይገባል። በዚህ ላይ በቡሄ ዕለት አንዱ ሙልሙል ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጓደኛ፣ ከጓደኛ ወደ ታናሽ እኅት እያለ ስንት እጅ ያልፋል! ከነዚያ እጆች አንዱ ከመጸዳጃ ተመልሶ ያልታጠበ ከሆነ ተቅማጡም አብሮ ይዞራል። ተቅማጥ ደግሞ «ያልፋል» ተብሎ የሚናቅ በሽታ አይደለም። ዛሬም ቢሆን ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው።

ታዲያ በዓሉን ተዉት፣ ልጆቹን ቤት ዝጉባቸው ለማለት አይደለም። እንዲያውም በዓሉን ለትምህርት እንድንጠቀምበት ነው የምንፈልገው። ልጅን ዓመቱን ሙሉ «እጅህን ታጠብ» እያሉ ከመቆጣት ይልቅ፣ አንድ ቀን ሊጥ አስይዞ ማስተማር ይበልጣል። ልጅ ራሱ የሠራውን ነገር ይወዳል፤ ለወደደውም ነገር ይጠነቀቃል።

1. እሳቱ ያነጻውን እጅ ያቆሽሸዋል

ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትቀሩ ይህን ያዙ። ብዙ እናቶች ከማቡካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሊጡ ወደ ምጣድ ይገባል፤ በምጣዱም ላይ በደንብ ሲበስል በዓይን የማይታዩት የበሽታ ጀርሞች አብዛኞቹ ይሞታሉ። ሙልሙሉ ከምጣድ ሲወጣ በቤታችሁ ካለው ነገር ሁሉ ንጹሑ እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ እሳት የለም። ባልታጠበ እጅ ብታነሡት፣ ጥሬ ሥጋ በተቆረጠበት ቢላዋ ብትቆርጡት፣ ዝንብ በሚያርፍበት ሰፌድ ላይ ገልጣችሁ ብትተዉት፣ የገባበት ጀርም ሳይሞት በቀጥታ ወደ ልጁ ሆድ ይሄዳል። ስለዚህ እጅ የሚታጠበው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛ፣ ከማቡካት በፊት። ሁለተኛ፣ ሙልሙሉ ከምጣድ ወጥቶ ከመታደሉ በፊት። ብዙዎቻችን የምንረሳው ሁለተኛውን ነው፤ የሚያስፈልገው ግን እርሱ ይበልጥ ነው።

2. ውኃውና መታጠቢያው

ለመጠጥ የሚሆነውን፣ እንዲሁም የተጋገረው ምግብ የሚቀመጥበትን ዕቃ የምታለቀልቁበትን ውኃ አስቀድማችሁ አፍሉ። ውኃው ተንተክትኮ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በደጋ አገር ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ጊዜውን ማሳጠር አይገባም። በገበያ የሚሸጠውን የውኃ ማከሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በዕቃው ላይ እንደተጻፈው ለክታችሁ ጨምሩ፤ ማንበብ የሚችል የትምህርት ቤት ልጅ ያንብብላችሁ። ይህም ለልጁ አንድ የሥራ ድርሻ ይሆናል። የፈላውን ውኃ ንጹሕ ገንቦ ውስጥ አድርጋችሁ ክደኑት። ጣሳውን እየነከሩ መቅዳት አይሁን፤ እጅ ከጣሳው ጋር ይነከራልና። ገንቦውን ዘንበል አድርጎ መቅዳት ይሻላል።

የእጅ መታጠቢያ ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ቅል ወይም አሮጌ ጀሪካን ፈልጉ። ከግርጌው አጠገብ በጋለ ሚስማር አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብሱና በቀጭን የእንጨት ውታፍ ድፈኗት። ውኃ ሞልታችሁ በደጃፍ ባለው ምሰሶ ላይ ልጅ በሚደርስበት ቁመት እሰሩት። ውታፉ ሲነቀል ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ ሲመለስ ይቆማል። አንድ ጣሳ ውኃ ለብዙ እጅ ይበቃል። ከሥሩ ጠጠር አፍስሱበት፤ ጭቃ እንዳይሆን። ከአጠገቡ ሳሙና በገመድ ይንጠልጠል። ሳሙና ከሌለ ንጹሕ የምድጃ አመድ በጣሳ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሳሙና በጠፋ ጊዜ አመድም ይረዳል። ይህንን መታጠቢያ ከቡሄ ሁለት ቀን አስቀድሞ አባትየው ከልጆቹ ጋር ቢሠራው ለእናትየው ትልቅ እርዳታ ነው።

አንድ ነገር እናሳስብ። ለበዓል ልብስ በእንዶድ የምታጥቡ እናቶች፣ እንዶድ ወደ ሆድ ከገባ መርዝ ነው። የእንዶዱን ዕቃ ከሊጡ ገበቴ አርቁት፤ ልጆችም በዚያ እጃቸውን አይታጠቡ። እንደዚሁም የተባይ መድኃኒት ወይም ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያና ጀሪካን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለዱቄትም ለውኃም አይሁን።

3. ልጁ በዓይኑ ይይ

ልጅ ያላየውን ነገር አያምንም። «እጅህ ቆሽሿል» ብትሉት እጁን ገልብጦ አይቶ «እማዬ፣ ንጹሕ ነው እኮ፤ እይው!» ይላል። አትቆጡት። ነጭ ጎድጓዳ ሳህን አምጡና እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ እጁን በውኃ ብቻ ይለቅለቅ፤ እርሱ ነጻሁ ይላል። ቀጥሎ ሳህኑን ንጹሕ ውኃ ሞልታችሁ፣ እጁን በሳሙና በደንብ አሽቶ በዚያ ሳህን ውስጥ ይለቅለቅ። ውኃው ይደፈርሳል።

«ይህ እድፍ ከየት መጣ፣ የኔ ጌታ?»

«ከእጄ።»

«ነጽቷል ብለህ አልነበረም?»

ከዚህ በላይ ምክር አያስፈልግም። አንዳንድ ጊዜ ግን የእጁ ውኃ ብዙም ሳይደፈርስ ይቀራል። ያን ጊዜ፣ በሽታ የሚያመጡት ጀርሞች በዓይን የማይታዩ ስለሆኑ እጅ ንጹሕ መስሎም ሊያሳምም እንደሚችል ንገሩት።

አስተጣጠቡንም አሳዩት። መዳፍ ከመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት፣ በመጨረሻም ጥፍሮቹ በመዳፍ ላይ ይታሹ። ቀስ ብሎ ከ1 እስከ 20 እየቆጠረ ይሽ። ረጅም ጥፍር ሊጥም ጀርምም ይይዛልና በዋዜማው ጥፍራቸውን ቁረጡ። ፊታቸውንም ይታጠቡ፤ ከልጆች ዓይን በሚወጣው ፈሳሽ ላይ የሚያርፈው ዝንብ ትራኮማ የሚባለውን ዓይን የሚያሳውር በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ ያዛምታል።

ተቅማጥ የያዘው ወይም እጁ ላይ መግል የያዘ ቁስል ያለበት ሰው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሊጥም ሙልሙልም አይንካ። ከመግል የሚወጣው ጀርም በምግብ ላይ ሲራባ የሚተወው መርዝ በእሳት አይጠፋም። እንዲህ ያለው ልጅ ከበዓሉ እንዳይርቅ ሌላ ሥራ ስጡት፤ ለምሳሌ የሌሎቹን ቁጥር ይቁጠር፤ ማን እንደታጠበ ማን እንዳልታጠበ ይጠብቅ።

4. ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ ዕድሜው

ሥራው ለሴቶች ልጆች ብቻ አይደለም። ሙልሙሉን ሲለምን የሚውለው ወንዱ ልጅ ስለሆነ፣ ሲቦካም እጁን ቢያስገባ ምንም ነውር የለበትም።

ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለው ልጅ ሙልሙሎቹን ይቁጠር፣ በትንሽ ሊጥ ይጫወት። ጥሬ ሊጥ ግን አይቅመስ፤ ጥሬ ዱቄትም ሆዱን ሊያሳምመው ይችላል።

ከ5 እስከ 7 ዓመት ያለው ዱቄት ይንፋ፣ ሊጡን ያድበልብል።

ከ8 እስከ 11 ዓመት ያለው ዱቄቱንና ጨውን ይስፈር፣ ሊጡን ይሽ፣ ታናናሾቹን ያስታጥብ።

12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ከእናቱ ጋር ሆኖ ምጣዱ አጠገብ ይቁም።

5. የሙልሙል አሠራር

ቡሄ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል በሙልሙሉ ላይ ወተት፣ ቅቤ ወይም ዕንቁላል አይገባም። ይህም ለጤና አንድ ጥቅም አለው፤ ያለ ወተትና ዕንቁላል የተጋገረ ዳቦ ቶሎ አይበላሽም።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፤

የስንዴ ዱቄት 6 ብርጭቆ፤ ከዚህ ውስጥ 1 ብርጭቆውን የገብስ ዱቄት ማድረግ ይቻላል።

ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ 2 ብርጭቆ ያህል፤ ሊጡ ከጠነከረ ትንሽ ይጨመራል።

የዳቦ እርሾ 2 የሻይ ማንኪያ፤ ወይም ከቤት የተጠነሰሰ እርሾ ግማሽ ብርጭቆ።

ጨው 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል።

የኑግ ወይም ሌላ ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ካለም ጥቁር አዝሙድ በቁንጥጫ።

ከዚህ 12 ያህል የልጅ ሙልሙል ይወጣል። ቤታችሁ ብዙ ልጅ የሚመጣበት ከሆነ ሁሉንም እጥፍ አድርጉት።

ስንዴው ሲለቀም የሻገተውን ሁሉ አውጥታችሁ ጣሉ። በክረምት እህል እርጥበት ነክቶት ይሻግታል። «እሳት ያጠፋዋል» አትበሉ፤ በሻጋታ ውስጥ ያለው መርዝ ሲጋገርም አይጠፋም። ማበጠሩና መልቀሙ ለልጆች ጥሩ ሥራ ነው፤ የሻገተውን ለይቶ ማወቅ በዚያው ይማሩበታል።

እጅ ሁሉ ታጥቦ ካበቃ በኋላ ዱቄቱ በገበቴ ላይ ይነፋ፤ ጨውና አዝሙዱ ይጨመር። እርሾው በለብታው ውኃ ውስጥ ይበጥበጥ። ውኃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እርሾው ይሞትና ሊጡ ኩፍ አይልም። ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ማቡካት፤ በመጨረሻም ዘይቱን መጨመር። ከዚያ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በደንብ ይታሽ። ልጆቹ በየተራ ይሹት። ሊጡ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ከተነፋ ታሽቷል ማለት ነው።

ገበቴውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ከምድጃው ራቅ ባለ ሞቅ ያለ ስፍራ አስቀምጡት። በዳቦ እርሾ ከሆነ በቆላ በአንድ ሰዓት፣ በደጋ ብርድ ደግሞ እስከ ሁለት ሰዓት ኩፍ ይላል። በቤት እርሾ ከሆነ ማታ አቡክቶ ማሳደር ነው። ኩፍ ካለ በኋላ እንደገና እጅ ተታጥቦ ሊጡ 12 ቦታ ይከፈል። እያንዳንዱ መጀመሪያ ይድቦልቦል፤ ቀጥሎ በሁለት መዳፍ መካከል እየተንከባለለ ሞላላ ይሁን። ጫፍና ጫፉ ቀጠን፣ ወገቡ ወፈር ይበል። ልጆች ያጣመሙትን «ተበላሸ» ብላችሁ አታቅኑባቸው። በሆድ ውስጥ ሁሉም እኩል ነው፤ ልጁ ግን የራሱን ጠማማ ሙልሙል ከሩቅ ለይቶ ያውቀዋል።

ምጣዱ በመካከለኛ እሳት ይጋል፤ እሳቱ ከበዛ ላዩ ያርና ውስጡ ሊጥ ይቀራል። ሙልሙሉን ደርድራችሁ አክንባሎ ድፉበት። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ሲሆን ገልብጡት፤ በሌላውም ጎኑ እንደዚሁ ይቆይ። መብሰሉን ለማወቅ አንዱን አንሥታችሁ ሆዱን በጣት አንኳኩት። እንደ ባዶ ዕቃ ካስተጋባ በስሏል፤ ድምፁ ከታፈነ ገና ነው።

የበሰለው ቀድሞ በታጠበና በደረቀ ሞሰብ ላይ ይውጣ፤ በንጹሕ ጨርቅም ይሸፈን። ትኩሱን ወዲያው በላስቲክ ቋጥራችሁ አትዝጉት፤ ወዝቶ ይሻግታል።

6. ዳቦ ቆሎ ለእንቁጣጣሽ

መስከረም 1 ቀን ደግሞ ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው ይመጣሉ። ለነሱም የሚሆን ነገር አስቀድሞ መሥራት ይቻላል፤ ዳቦ ቆሎ ደረቅ ስለሆነ በደንብ ከተዘጋ ለሳምንታት ይቆያል።

4 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም በስኳሩ ፈንታ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ ቀላቅሉ። 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ በእጅ አሹት። ከዚያም ከ1 ብርጭቆ ጥቂት የሚበልጥ ውኃ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ጠንከር ያለ ሊጥ አድርጉት፤ እርሾ አያስፈልገውም። ሊጡን ትንሽ አሳርፉትና ልጆቹ እንደ እርሳስ ቀጭን አድርገው ያንከባልሉት። ትልቁ ልጅ በቢላዋ ሽምብራ በሚያህል መጠን ይቁረጠው። በደረቅ ምጣድ ላይ በመለስተኛ እሳት እያመሳችሁ፣ ቡናማ መልክ እስኪይዝና ሲነከስ እስኪከሽክሽ ድረስ ቁሉት። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይግባ። የፈላ ዘይት ስለሌለበት ልጆች ባሉበት ቤት ከተጠበሰው ይልቅ ይህ ይሻላል።

የእስልምና ተከታይ የሆኑ ቤተሰቦችም ለዒድ ዳቦና ዳቦ ቆሎ ሲያዘጋጁ ይኸው ሥርዓት ያገለግላቸዋል። ጀርም በዓል አይለይም።

7. ከእሳትና ከትንታ እንጠበቅ

በበዓል ሰሞን ልጆች ምድጃ ይከባሉ። ስለዚህ ከምድጃው ሁለት ርምጃ ርቃችሁ መሬት ላይ በአመድ መስመር አስምሩ። «ከዚህ መስመር ወዲያ የምትገባው እናት ብቻ ናት» በሏቸው። የሚድኸውን ሕፃን በጀርባ አዝሎ መጋገርም አደጋ አለው፤ ጭሱ በቀጥታ ወደ ሳንባው ይገባልና። አባት ወይም ታላቅ እኅት ውጭ ይዘውት ይቆዩ፤ የቤቱም በርና መስኮት ይከፈት። በዋዜማው ችቦ ሲበራም ከልጆቹ ጋር አንድ ትልቅ ሰው አይታጣ።

ልጅ ቢቃጠል ወዲያው በቃጠሎው ላይ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ ማር፣ ጭቃ፣ ዕንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ውኃ የቋጠረውን አታፈንዱት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ዳቦ ቆሎም ሆነ ሌላ ቆሎ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥ። ሲስቁና ሲሮጡ ትን ይላቸውና ትንፋሻቸውን ይዘጋዋል። ለነሱ ለስላሳውን የሙልሙል ሆድ ቆርሳችሁ፣ ቁጭ ብለው ይብሉ። ሙልሙሉን በማር ማጥቀስ የለመዳችሁም ብትኖሩ፣ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አታቅምሱ። 6 ወር ላልሞላውማ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም።

ትን ያለው ልጅ እያሳለ ከሆነ ይሳል፤ ሳሉ ራሱ ያወጣዋል። ማሳልም መተንፈስም ካቃተው ግን ወደ ፊት አጎንብሱትና በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣና ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው ሆናችሁ እቀፉት፤ በጭብጣችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉት። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ፤ ሌላ ሰውም ለእርዳታ ይጥሩ። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣታችሁን ወደ ጉሮሮው አትስደዱ፤ ይበልጥ ትገፉታላችሁ።

8. ጨፋሪዎቹ ደጅ ሲደርሱ

እንግዲህ ሙልሙሉ ደርሷል፤ የናንተም ልጆች ታጥበዋል። ነገር ግን ከመንደሩ የሚመጡት ልጆች ከጧት ጀምረው ጅራፍ ሲያጮኹ፣ ጭቃ ሲረግጡ፣ ዱላ ሲጨብጡ ውለዋል። ሙልሙሉን በዚያ እጅ ተቀብለው እዚያው ይገምጡታል። ያን ሁሉ የደከማችሁበት ነገር በደጃፋችሁ ይበላሻል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በምሰሶው ላይ ያሰራችሁትን ቅል ሞልታችሁ፣ የናንተው ልጅ ከአጠገቡ ይቁም። ጨፋሪዎቹ ጨፍረው ሲጨርሱ «ኑ፣ እጃችሁን ታጠቡና ሙልሙላችሁን ተቀበሉ» ይበላቸው። አታሳፍሯቸው፤ «እናንተ ቆሻሾች» የሚል ቃል አይውጣ። የአገራችን ሰው እንግዳውን ከማዕድ በፊት ማስታጠብ ክብር መሆኑን ያውቃል። ልጆቹም እንደ ትልቅ እንግዳ ሲታጠብላቸው ደስ ይላቸዋል። የሚያስታጥበው ልጅ ደግሞ ያን ቀን በጓደኞቹ ፊት ሹም ነው!

ሙልሙሉን የምትሰጠው እናት ብቻ ናት፤ እጇን እንደገና ታጥባ። ልጆቹ ራሳቸው ወደ ሞሰቡ እጃቸውን አይስደዱ። ለሚወስዱት ማስቀመጫም ንጹሕ ከረጢት እንዲይዙ አስቀድማችሁ ለጎረቤት እናቶች ብትነግሩ መልካም ነው። አንዲት እናት ብቻ ብታደርገው የአንድ ቤት ንጽሕና ነው፤ አሥር ቤት ቢተባበር ግን መንደሩ ሁሉ ይጠበቃል። ከሌላው ደጅ ተለምኖ የመጣውን ሙልሙል የሚበላው ያንቺው ልጅ ነውና።

9. ይህ ሁሉ ተደርጎ ተቅማጥ ቢነሣ

ተቅማጥ የሚገድለው ከሰውነት ውስጥ ውኃንና ጨውን ስለሚያሟጥጥ ነው። ስለዚህ «ይድረቅለት» ብላችሁ ልጁን መጠጥ አትከልክሉት። ለምለም የሚባለውን የተቅማጥ ንጥረ ነገር ከጤና ኬላ ወይም ከመድኃኒት ቤት አምጡ። አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ጥቂት በጥቂት ይጠጣ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋ። ለምለም እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ስጡት፤ ጨው ከዚህ መብለጥ የለበትም። ጡት የሚጠባው ይጥባ፤ ምግብ የሚበላውም ይብላ። ጤና ሠራተኛው የሚሰጠውን የዚንክ እንክብልም ልጁ ቢሻለው እንኳ ሳታቋርጡ ጨርሱት።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስታወከ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ወይም በዓይነ ምድሩ ደም ከታየ ነገን ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተሰማርተዋልና እነሱን ማማከር አትፍሩ።

ከትምህርቱ በኋላ በቤት የሚጠየቅ

ሙልሙሉ በሚጋገርበት ጊዜ ልጆቻችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቋቸው፤

ሙልሙል ስንሠራ እጃችንን ስንት ጊዜ እንታጠባለን? ሁለተኛውስ ለምን?

የሻገተ ስንዴ ቢጋገር መርዙ ይጠፋልን?

ሳሙና በጠፋ ጊዜ በምን እንታጠባለን?

ለታናሽ ወንድምህ ቆሎ የማይሰጠው ለምንድር ነው?

ጓደኞችህ ሊጨፍሩ ሲመጡ ከሙልሙሉ በፊት ምን ታቀርብላቸዋለህ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ልጁ ሳይጠየቅ በሥራ ከመለሰው፣ ማለት ጅራፉን አስቀምጦ ወደ ቅሉ ከሮጠ፣ ትምህርቱ ገብቶታል። ቡሄ ባለፈ ማግስትም ቅሉን ከምሰሶው አታውርዱት። በዓሉ ቢያልፍም እጅ የሚታጠብበት ምክንያት አያልፍም፤ እንጀራው በየቀኑ ይቀርባልና።

መልካም ቡሄ! ልጆቻችሁ በጤና ለከርሞው ይድረሱ።